በስቴትመንቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ

ወረቀት መጣል አልችልም። ልጄ ከካልቨር ሲቲ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር፣ «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ፖስታ ምን ያደርግልሻል? ልጣልልሽ» ትለኛለች። እኔ ግን ያደግኩት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከሰው ምስክርነት በላይ በሚታመንበት አገር ነው። የቤት ኪራይ ደረሰኝ ጠፍቶባት ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ዓመት የፈጀች ጎረቤት ነበረችኝ። ስለዚህ እዚህም ፊቱ ላይ የላስቲክ መስኮት ያለው ፖስታ ሲመጣ እከፍተዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ አጥፌ አልጋዬ ሥር ካለው ሰማያዊ ሻንጣ እከተዋለሁ። ከአገሬ ስመጣ የያዝኩት ሻንጣ ነው፤ አንድ ጎማው ወልቋል፣ ሲጎትቱት ያነክሳል።

አየዋለሁ አልኩ እንጂ አነበዋለሁ አላልኩም። እሱን ነው ልናገር የተነሣሁት፤ ወሬ ሲበዛብኝ መንገድ እስታለሁና ትታገሱኛላችሁ።

የአገራችን ሰው በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ በየአስራ አምስት ቀኑ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እቁብ እንጥላለን። ሃያ ሰው እንሆናለን። የእቁቡ ዳኛ አንድ ሰውዬ ናቸው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እዚህ ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ይሠራሉ። በዕድሜ እኔ እበልጣቸዋለሁ፣ ግን ሁሉም ሰው ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸውም እትዬ ይሉኛል። ተከባብረን እንኖራለን።

አንድ እሁድ ዕጣው ወጥቶ ሰው መነሣሣት ሲጀምር ጋሼ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«ክሬዲት ካርድ ያላችሁ ስሙኝማ! ባንኮቹ ዋስትና ነው እያሉ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው በየወሩ ሲቆርጡት የኖሩት ገንዘብ አለ። አሁን መልሱ ተብለው እየመለሱ ነው። ባንኩ በየወሩ ሒሳቡን ጽፎ የሚልከው የድሮ ስቴትመንት ያለው ያምጣና አብረን እናያለን።»

«ጋሼ፣ እኔ አምና የበላሁትን አላስታውስ፣ የድሮ ስቴትመንት ከየት አመጣለሁ?» አለች አንዷ።

«አንቺ የበላሽውማ ሰውነትሽ ላይ ተመዝግቧል» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች፤ በጋሼ ማንም አይቀየምም።

እኔ እጄን አወጣሁ። «እኔ አለኝ።»

«የስንት ዓመት፣ እትዬ?»

«ካርዱን ካወጣሁበት ጀምሮ ያለው ሁሉ።»

«እንግዲያ ባንኩ ራሱ እርስዎ ነዎት!» አሉ። እንደገና ተሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ ግን ለባንኩ ገንዘብ አልነበረም። ማፈር የምጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ያ ሻንጣ ውስጥ ያለው ወረቀት፣ አንዲት ሴት እንደሰረቀችኝ ይመሰክራል ብዬ ነበር የማምነው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን አምኜ ኖሬአለሁ። አሁን የሚያውቅ ሰው አይቶት «እውነትዎን ነበር» ቢለኝ፣ አልፎ አልፎ የምትቆረቁረኝ ጥርጣሬ ዝም ትልልኛለች ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ሴትየዋ ደባሌ ነበረች። ከእኔ በሃያ አምስት ዓመት ስለምታንስ ልጅቷ ነው የምላት። ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀን ሁለተኛውን መኝታ ቤት ተከራየችኝ። እዚያው ፌርፋክስ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነበረች። እኔ ያኔ ገና ቢሮ አጸዳ ነበር፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት እነሣለሁ። እኔ ስወጣ እሷ ተኝታለች፣ እሷ ስትመጣ እኔ ተኝቻለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ብቻ ነው ዓይን ለዓይን የምንተያየው። እንዲያም ሆኖ ቤቱ በእጇ ሥራ የተሞላ ነበር። ስመለስ አንሶላው ታጥቧል፣ የቧንቧው መንጠባጠብ ቆሟል፣ ፍሪጅ ውስጥ የሆነ ነገር በድስት አለ።

የካርዱን ደብዳቤ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። እንግሊዝኛውን ታያለች፣ ቼኩን ትሞላለች፣ ጠረጴዛ ላይ ትተወዋለች። እኔ ከሥራ ስመለስ እፈርምበትና ፖስታ ሳጥን እከተዋለሁ። ፊርማ እችላለሁ፤ ስሜን እንደ ጥልፍ ተለማምጄዋለሁ። ቁጥርም እችላለሁ፤ መርካቶ በርበሬና ኮረሪማ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ በቁጥር የሚያታልለኝ የለም። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። የአማርኛውንም።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ዳዊታቸውን ሲገልጡ እኔም እገልጣለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ብዙውን በጆሮዬ ስለያዝኩት ስህተት አይታይብኝም። አባቴ ወንዶቹን ብቻ ነበር ቄስ ትምህርት የላካቸው፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ግን በዚህ ዕድሜ ለማን ሄጄ ምን እላለሁ? ልጅቷም አጠገቤ ቆማ ስታስቀድስ የኖረች ናት። የሚያስቸግረኝ እንግሊዝኛ ብቻ መስሏት ነበር።

አንድ ሰሞን በስቴትመንቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ማየት ጀመርኩ። የአማርኛ ፊደል መሆኑን አውቃለሁ፣ መልኩን ማን ያጣዋል። የሚለውን ነው የማላውቀው። ሒሳብ የሠራችበት መሰለኝ። አንድ እሁድ ነጠላችንን ለብሰን ደረጃውን ስንወርድ፣ «እትዬ፣ የጻፍኩልዎትን አዩት?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ተዪው፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ምን እንደተባለ ሳላውቅ አውቀዋለሁ አልኩ። «ምን ነበር የጻፍሽው?» ብላት ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ ነገሩ ባለቀ። አላልኩም።

በዚያው ሰሞን ቁጥሩ ያስጨንቀኝ ጀመር። ለወንድሜ ለቅሶ አገር ቤት የሄድኩበትን የአውሮፕላን ትኬት በዚያ ካርድ ነበር የገዛሁት፤ ዕዳው ሺህ ምናምን ብር ነው። እኛ ዶላሩንም ብር ነው የምንለው። የገዛሁትን አውቃለሁ፣ ወለዱ የትኛው መስመር ላይ እንደሚጻፍም ልጄ አሳይታኛለች። ከዚያ ሌላ ግን በየወሩ አንድ መስመር አለ። አንዴ ዘጠኝ ብር ከሰባ፣ አንዴ አስር ከሃያ፣ አንዴ ስምንት ከምናምን። ደረሰኝ የለውም። ቁጥሩ ባይለዋወጥ ኖሮ የባንክ ነገር ነው ብዬ እተወው ነበር። መለዋወጡ የሰው እጅ መሰለኝ። ገበያ ውስጥ ከሣጥን የሚነካ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እንዳይነቃበት አንድ ቀን ያበዛል፣ አንድ ቀን ያሳንሳል። እና የካርዱን ቁጥር የሚያየው ማን ነው? እሷ ብቻ።

አልጠየቅኳትም። ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ሰላምታዬንም አሳጠርኩባት።

ከዚያ እቁቡ ለእሷ ወጣ።

የእኛ እቁብ ሕግ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ እንዳይቀር፣ ከመካከላችን አንድ ዋስ ይጠራል። ዋስ ያጣ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥና እሱ መጨረሻ ላይ ይወስዳል። ዋስ ያጣ ሰው ግን አይተን አናውቅም ነበር፤ ወግ ነው እንጂ ማን ይከለክላል። ልጅቷ እቁብ የገባችው የነርስ ረዳትነት ኮርስ ለመመዝገብ ነው። የመመዝገቢያው ቀን ደርሶ ስለነበር ዕጣዋ ሲወጣ ዘላ ነው የተነሣችው።

«ዋስ?» አሉ ጋሼ፣ እየሳቁ ወደ እኔ ዞረው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አብረን ነው የምንኖረው፣ ሌላ ማን ይሆናል?

እኔ የነጠላዬን ጥለት አስተካከልኩ። «ሌላ ሰው ይሁን» አልኩ።

የጓዳው ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ተቀመጠች። ሌላ ሰው አልተነሣም፤ አብራት የምታድር እምቢ ካለች ማን ይገባበታል? ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲያ ተራው ይሸጋሸጋል» አሉ። ስንወጣ አንዷ በሩ ላይ እጄን ይዛ፣ «ምነው እትዬ?» አለችኝ።

«የቤቴን የማውቀው እኔ ነኝ» አልኳት።

ይህችን ብቻ ነው የተናገርኩት፣ ለዚያውም ለአንድ ሰው። በሳምንቱ ፌርፋክስ የሚያወራው ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሙሉ ታሪክ ነበር። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ልጅቷ ዕቃዋን ሸክፋ ኖርዝ ሆሊውድ ገባች። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ የወሩን ደብዳቤ ከጎኑ አስቀምጣ። ምግብ ቤቱንም ለቀቀች። ቀሪውን እቁብ በሰው እየላከች፣ አንዲት ብር ሳታጎድል ጨረሰች። ይህን ሳይ እንኳ «አየ ብልጠቷ» ነው ያልኩት። ሰው አንዴ ካመነ እንደ እምነቱ የማይተረጉመው ነገር የለም።

ፊደል የቆጠርኩት የሚያነብልኝ ስለጠፋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጄን ልጆች ቤተ ክርስቲያን ወደሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት እወስዳቸው ነበር። «ልጠብቃቸው» ብዬ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። መምህሩ ሰሌዳውን እየጠቆመ ሀ ሁ ሲል ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እኔ በሆዴ እላለሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የልጅ ልጆቼ ረስተውታል፣ እኔ ያዝኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ የምችል ሲመስላቸው የኖሩ ሰዎች ፊት ተማርኩ ይባላል? ሻንጣውን ከፍቼም የድሮውን ወረቀት አላየሁትም። ለምን እንዳላየሁት ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን አሁንም መናገር ይከብደኛል።

ሰኞ የጋሼ የዕረፍት ቀን ነው። የሚያነክሰውን ሻንጣ እየጎተትኩ ፌርፋክስን ተሻገርኩ። ኬክ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ደርድረው ጠበቁኝ። እኔ ሻንጣው ላይ እጄን ጭኜ ቆየሁ።

«በሉ ይክፈቱት እንጂ፣ አስከሬን አይደለም» አሉኝ።

ወረቀቱን በየዓመቱ ለየን። ማስመሪያውን መስመር ከመስመር ዝቅ እያደረጉ አዩ። ድሮ ባንክ ቤት ምን ይመስሉ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ ፓርኪንግ ውስጥ ጎብጠው የማያቸው ሰውዬ ወገባቸው ቀና ብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ማስመሪያው ቆመ።

«ይኸው! ዘጠኝ ብር...»

«ከሰባ» አልኩ፣ እኔ ቀድሜ።

«እንዴት አወቁት?»

«እሱን መስመር ሳውቀው ዘመን የለውም። ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው የተሰረቅኩት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ማን ሰረቀዎት አላሉኝም። ዋስ ሲጠሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ ታሪኩን እንደሌላው ሰው ሰምተውታል።

«እትዬ፣ ይሄ ባንኩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፔይመንት ፕሮቴክሽን ይላል። ቢታመሙ፣ ከሥራ ቢወጡ፣ ክፍያዎን ለጊዜው እንተውልዎታለን የሚሉት ዋስትና ነው። ከመቶ ብር ዕዳ ወደ አንድ ብር ገደማ ይቆርጣል። ዕዳዎ ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። የሰው እጅ የለበትም።»

«እኔ አላዘዝኩም።»

«ማን አዘዘ? ስልክ ደውለው ነው የሚያስገቡት። ደውለውልዎት አያውቁም?»

አያውቁም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያ ቀን መጣብኝ። ከወንድሜ ለቅሶ በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። ሥራ አልገባሁም፣ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የደወለልኝ ሰው የለም። ስልኩ ጮኸ። ድምጿ ማር የሆነ ሴት እንዴት ዋልሽ አለችኝ፣ ማም አለችኝ፣ እመቤቴ እንደማለት ነው። ብዙ አወራች። ከምትለው ውስጥ መታመምን ሰማሁ፣ ሥራን ሰማሁ። ብትታመሚ ከጎንሽ ነን የምትለኝ መሰለኝ። እውነትም እንደዚያ ነበር የምትለው። ሰው ያን ያህል ደክሞ፣ ያን ያህል አክብሮ ሲያናግርሽ በምን አፍሽ እምቢ ትያለሽ? «ዬስ» አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ «ዬስ፣ ታንክ ዩ፣ ጋድ ብሌስ ዩ» አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ቀለል ብሎኝ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ለዚያች ድምፅ በየወሩ እየከፈልኩ፣ ለልጅቷ ግን በነጻ ዋስ መሆን አቃተኝ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ከጎኑ የተጻፈው ደግሞ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አዙረው ወደ እኔ ገፉት።

«ይሄን እርስዎ ያንብቡት። ለእርስዎ ነው የተጻፈው።»

ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ አነበብኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ያሰመርኩበት ምን እንደሆነ አላወቅኩም። እርስዎ ያውቁታል?»

የሚቀጥለው ወር፦ «አሁንም አለ። ባንኩ ጋ ልደውልልዎት?»

የሚቀጥለው፦ «ያውቁታል ካሉ እሺ። ግን በከንቱ የሚከፍሉ ይመስለኛል።»

ሰባት ነበሩ። በየወሩ አንድ፣ ደቀቅ ባለች ጽሕፈት፣ መስመሩ እንዳይበላሽ በእርሳስ። እቁቡ ከወጣ በኋላ ያለው ስድስተኛው፣ «እትዬ፣ ምን እንዳጠፋሁ ቢነግሩኝ» ይላል። ሰባተኛው ቁልፉ አጠገብ የተተወው ነው። «ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ይሄን መስመር ለልጅዎ ያሳዩት።»

ያን ሾርባ አስታውሰዋለሁ። ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ደፋሁት።

ጋሼ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ሲጻፍልኝ ያነበብኩት መስሏቸው ነበር። አንብቤ፣ አውቄ፣ ልጅቷን አዋርጃት እንደኖርኩ ነው ያሰቡት። «ማንበብ አልችልም ነበር» ብል ያ አስተያየት በቅጽበት ይነሣልኝ ነበር። አላልኩም። ጨካኝ መባል ማይም ከመባል ቀለለኝ። ከሁሉም የማፍረው በዚያች ደቂቃ ነው።

ኖርዝ ሆሊውድ የሄድኩት ሐሙስ ነው። ሰባቱን ወረቀት ደረቴ ሥር ይዤ፣ በአውቶቡስ እስከ ሆሊውድ፣ ከዚያ ከምድር ሥር በሚሄደው ባቡር። አድራሻውን ጋሼ ናቸው የሰጡኝ። ደውዬ እንዳልሄድ አይምጡ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ጠዋት የሄድኩት ሥራ ሳትገባ እንድደርስባት ነው። ነጠላዬን ደግሞ አዘቅዝቄ ነው የለበስኩት፤ ኀፍረቴ ነው ያለበሰኝ እንጂ አስቤበትም አይደለም።

በሩን ከፍታ አየችኝ። ጠዋት፣ ሳልደውል፣ ነጠላ አዘቅዝቄ፣ ባልቴት በሯ ላይ ቆሜአለሁ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊቷ ሲለወጥ ነው የገባኝ።

«እናቴ ናት?» አለች። «እናቴ ናት አይደል!» ደረቷን መታች፣ ጮኸች። የጎረቤቱ በር ተከፈተ።

«ኧረ ማንም አልሞተ! በማርያም! ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ!»

«አያባብሉኝ!»

«ሌባ አይደለሽም ልልሽ ነው የመጣሁት!»

ጩኸቷን አቋርጣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ እኔ እንደ ግንድ ቆምኩ። መርዶ ያልሆነ መርዶ ይዤባት ሄድኩ፤ ሁለት ጊዜ በደልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ልቤን ያወጡት? ስልክ የለም እንዴ፣ እትዬ? ሰው እንዲህ ይመጣል?»

አስገባችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። የሥራ ልብሷ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ኮርሱን ዘግይታ ጨርሳ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ገብታለች። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። የራሷን ጽሕፈት አየች።

«ሁሉንም አነበብኩት» አልኩ።

«አውቃለሁ። ያኔ አይቼዋለሁ ብለውኛል እኮ።»

«ሰኞ ነው ያነበብኩት።»

«የቱ ሰኞ?»

«የዚህ ሳምንት ሰኞ።»

ቀና አለች። «እትዬ፣ እኔን የጎዳኝ ዋስ አለመሆንዎ አይደለም። ወሬውም አይደለም፣ ሰው ያወራል። እያነበቡ፣ ንጹሕ መሆኔን እያወቁ ዝም አሉ ብዬ ነው። እሱን ነው አራት ዓመት መዋጥ ያቃተኝ።»

«ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩ።

«እንግሊዝኛውን።»

«አማርኛውንም።»

«ዳዊት ይገልጡ ነበር!»

«እገልጥ ነበር።»

«አጠገቤ ቆመው! ገጹን በምን ያውቁት ነበር?»

«አንቺ ስትገልጪ አይቼ ነዋ።»

ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አፏም ወደዚያ ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ። ወረቀቶቹን አንድ ላይ አስተካክላ ወደ እኔ መለሰቻቸው። ጉልበቷን ልስም ዝቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሣችኝ፤ በሽተኛ የማንሣት ልምድ አላት፣ ሳይታወቀኝ ቆሜ ተገኘሁ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ይሄን ሰዓት ውሸት ነው» አለች። «ለእኔ መንገርዎም ምንም አያደርግልኝ፤ እኔ አልሰረቅኩም፣ አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ሌላ ሰው ይሁን ያሉበት ቦታ ቆመው ይንገሩ።»

ባቡሩ ድረስ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። ቀበቶውን ራሷ አሰረችልኝ።

የሚቀጥለው እቁብ ቀን፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ጋሼን ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። ያኔ ጥለቴን ያስተካከልኩበት ወንበር አጠገብ ነው የቆምኩት። መስመሩ የባንኩ እንደነበር፣ ስልክ ላይ እሺ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጅቷ አንዲት ሳንቲም እንዳልነካች ነገርኳቸው። «እንዲያውም ጽፋልኝ ነበር» ብዬ ወረቀቶቹን አወጣሁ። ሰባቱንም አነበብኳቸው፣ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ፊደል በፊደል። ሦስተኛው ላይ ተያዝኩ። አንዷ ልትረዳኝ አፏን ስትከፍት ጋሼ «ተያቸው» አሏት።

«ያን ጊዜ አላነብም ነበር» አልኩ ስጨርስ። «ዳዊቱንም ሳላነብ ነው ስገልጠው የኖርኩት።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ያኔ በሩ ላይ እጄን የያዘችኝ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ኬክ ቤት አይነግሩኝም ነበር፣ እትዬ?» አሉ።

ባንኩ ከወራት በኋላ ሁለት መቶ ምናምን ብር በቼክ መለሰ። የገንዘብ ነገር እንዲህ ነው፣ ይመለሳል። ልጅቷ ፌርፋክስ አልተመለሰችም። እንጀራዋን እዚያው ሰፈሯ ካለ ሱቅ ነው የምትገዛው አሉ።

አንድ ጊዜ ግን ደውላልኛለች። እቁቡ ላይ ያነበብኩበት እሁድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው።

«ሰማሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ? ቀስ ብለው አነበቡ አሉ።»

«ቀስ ብዬ ነው።»

ከጀርባዋ የአሳንሰር ደወል ይሰማል፣ ሥራ ቦታ ናት። ከዚያ፣ «ሾርባውን በልተውት ነበር?» አለችኝ።

በልቼዋለሁ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ድሮው፣ አይቼዋለሁ እንዳልኩት።

«ደፋሁት» አልኩ።

«ጨው የሌለው ነበር» አለች። «ለደም ግፊትዎ ብዬ።»

ስልኩን ቶሎ አልዘጋችውም፤ እኔም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።